ማልትኛ፦ የግዕዝ ዘመድ በአውሮፓ ደሴት ላይ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ማልታ ከሲሲሊ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የተቀመጠች ደሴት ናት። ጎረቤት ደሴቶቿ ጎዞና ኮሚኖ ተጨምረውባት እንኳ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣታለች። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮንን ትንሽ ያልፋል። ስለ ቋንቋዋ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ግን ከስፋቷ ጋር አይመጣጠኑም። ዋና ዋናዎቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማልትኛ የጣሊያንኛ ዘዬ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ከሩቅ ሲሰሙት ግን ይመስላል። ዜማው የሲሲሊ ነው፤ እጅም ይወራጫል። ጠጋ ብለው ሲያዳምጡት ግን ሌላ ነው። ማልትኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ የአረብኛ፣ የዕብራይስጥ፣ የግዕዝና የአማርኛ ዘመድ። ከአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች ውስጥ ሴማዊ እሱ ብቻ ነው። ኅብረቱን የተቀላቀለው አገሪቱ በገባችበት በ2004 ነው።

እንግዲያው አረብኛ ነው በሉኛ?

ከአረብኛ ነው የወጣው። አሁን ግን አረብኛ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ870 ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ሙስሊሞች ደሴቷን ያዙ። አል ሂምያሪ የተባለ አረብ ጸሐፊ እንደሚለው ከዚያ በኋላ ማልታ ለረጅም ጊዜ ሰው አልባ ሆና ቆየች፤ እንደገና የተሞላችው በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ምን ያህል ባዶ እንደነበረች ምሁራን ይከራከራሉ። የሠፈረው ሰው ግን ይዞት የመጣው በሲሲሊ ይነገር የነበረውን አረብኛ ነው። በ1091 የሲሲሊ ገዥ የሆነው ክርስቲያኑ ኖርማን ሮጀር መጣ፤ ደሴቷ ቀስ በቀስ ወደ ክርስቲያኖች እጅ ገባች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊሞቹ ወጡ። ቋንቋቸው ግን አልወጣም።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ሃይማኖቱ ሄዶ አፉ ቀረ። ሌሎቹን የአረብኛ ዘዬዎች ወደ ቁርኣን አረብኛ ጎትቶ የሚይዛቸው መስጊድና መድረሳ አላቸው። ማልትኛን ግን የሚጎትተው አልነበረም። ስለዚህ ለብቻው አደገ። ከጎኑ ያለው ሲሲሊ ስለሆነም ከሲሲሊ እየወሰደ አደገ።

የፊንቄዎች ቋንቋ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ፊንቄዎች፣ ማለትም ከዛሬዋ ሊባኖስ ዳርቻ የተነሡት የጥንት ባሕረኛ ነጋዴዎች፣ በማልታ ነበሩ፤ እሱ እውነት ነው። ግማሹ በፊንቄ ግማሹ በግሪክ የተጻፈበት የማልታ ድንጋይ ባይገኝ ኖሮ የፊንቄ ፊደል በ1758 ባልተፈታ ነበር። የዛሬው ማልትኛ ግን ከነሱ የወረደ አይደለም። ድሮ ምሁራንም ጭምር ከፊንቄ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከአረብ ይልቅ ከፊንቄ መወለድ ለጆሮ ይጥማቸው ነበር መሰለኝ።

አማርኛ የሚናገር ሰው ሲሰማው ይገባዋል?

ወሬውን አይከተለውም። በየመሃሉ ግን የሚያውቀው ቃል ብቅ እያለ ያስደነግጠዋል። ራስ እነሱም ዘንድ «ራስ» ነው። ደም «ደም» ነው። ዐይንም «ዐይን» ነው። ስም «ኢሴም»፣ ሰማይ «ሴማ»፣ እህት «ኦሕት»። እናት «ኦም» ናት፤ ግዕዙ «እም» እንደሚለው። ቋንቋ «ልሲየን» ነው፤ ይኼ ልሳን መሆኑን ለመገመት ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም። ዳቦ «ሖብዝ» ነው። ኅብስት ማለት ነው።

«ክቲየብ» መጽሐፍ ነው። እኛ ክታብ አንገት ላይ እናንጠለጥላለን፤ እነሱ መደርደሪያ ላይ ያቆሙታል። ከዚያው ሥር «ኪቴብ» ጻፈ፣ «ኪቲየብ» ደራሲ ይሆናል። ሦስቱን ተነባቢዎች ይዞ በመሃላቸው አናባቢ እየቀያየሩ ቃል ማውጣት ነው፤ ከተበ፣ ከታቢ፣ ክትባት እንደምንለው። የሴማዊ ቋንቋዎች ሁሉ የቤት ሥራ ይኼው ነው።

ወጥመድም አለ። «በይት» ቢሉዎት ቤት እንዳይመስልዎት፤ ጣሪያ ነው። የባሰው ደግሞ ቁጥሩ ነው። አራት «ኤርባ»፣ አምስት «ሐምሳ»፣ ሰባት «ሴባ» ይባላል። አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባ ማለት ነው ብለው የሄዱ ወዮልዎት። አንድ ወዳጄ ፓስቲዚ (የማልታ ሳምቡሳ በሉት) ሊገዛ ተሰልፎ ከፊቱ ያለችው ሴትዮ «ሐምሳ» ብላ ስታዝ ሰማ። ሠርግ አለባት ብሎ፣ ለእኔ አይተርፈኝም ብሎ ተጨነቀ። አምስት ጠቅልለው ሰጧት፤ ሄደች።

ቀኖቹም የኛው ናቸው። እሑድ «ሐድ»፣ ረቡዕ «ኤርባ»፣ ሐሙስ «ሐሚስ»፣ ቅዳሜ «ሲብት» ነው፤ ሰንበት ማለት ነው። ዓርብ ደግሞ «ጂማ» ይባላል። ከአረቡ ጁምዓ የመጣ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን ሰዎቹ ሳምንት በመጣ ቁጥር ስለ ጅማ የሚያወሩ ይመስላል።

አንድ ምሳሌ ከቀረበ ቢያሳዩኝ?

አባታችን ሆይን ልጥቀስ። በማልትኛ ሲጀምር በእኛ ፊደል ሲጻፍ ወደዚህ ይጠጋል፦ «ሚሲየርና፣ ሊ ኢንቲ ፊስ ስመዊየት፣ ይትአዴስ ኢስመክ»። አሁን ግዕዙን አስታውሱ፦ «አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ»።

ሰማያት እዚያም እዚህም አለ። «ኢስመክ» ስምከ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ከ» ሳይቀር አንድ ነው። «ይትአዴስ» የተባለው ሲጻፍ በመሃሉ «ቀ» አለበት፤ ይትቀደስ ነው። ማልታዎች «ቀ»ን እየጻፉ ሲናገሩ ይውጡታል፤ ጉሮሮ ውስጥ ቆም አድርገው ያልፉታል። ቤይሩት የሠሩ እህቶቻችን ይኼን ቶሎ ይለምዱታል፤ ሊባኖሶችም ቡናን ቀህዋ ሳይሆን «አህዌ» ነው የሚሉት።

ወደ መጀመሪያው ቃል እንመለስ። «ሚሲየርና» አባታችን ማለት ነው። «ና» ሴማዊ ነው፤ አቡነ ላይ ያለው «ነ» ማለት ነው። «ሚሲየር» ግን ከሲሲሊና ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ድሮ «ጌታዬ» ለማለት የሚጠሩበት የክብር ስም ነበር። እናት «ኦም» ሆና ሴማዊ ቀረች፤ አባት ጣሊያናዊ ሆነ። የማልታን የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ቃል አሳየኝ ካሉኝ የማሳየው ይኼን ነው።

ካቶሊኮች ሆነው እግዚአብሔርን «አላ» ይሉታል የሚባለውስ?

አዎ፣ «አላ» ይሉታል። ለማንም አይከብደውም። አረብ ክርስቲያኖችም እንዲሁ ነው የሚሉት። ይልቅ የሚገርመው ሌላ ነው። የፋሲካ ጾም በማልትኛ «ራንዳን» ይባላል፤ ከረመዳን የመጣ ስም ነው። ፋሲካ ራሱ «ዒድ» ነው። ጾም «ሳውም» ነው። ጥርት ያለ ካቶሊክ ራንዳንን ጾሞ ዒድን ያከብራል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነው ታዲያ። እዚያ የሚጠብቀው ካህን «ቃሲስ» ነው፤ የሚቀደሰው «ቁዲየሳ» ነው። ቀሲስና ቅዳሴ። ለኛ ሰው ከዚህ በላይ መተርጎም አያስፈልገውም።

ክርስትናቸው ከማን እንደመጣ ከጠየቋቸው ከቅዱስ ጳውሎስ ይሏችኋል። በሐዋርያት ሥራ 28 ላይ መርከቡ ተሰብሮ ያረፈባት ደሴት፣ የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «መላጥያ» የሚላት፣ ማልታ ናት። እባብ እጁ ላይ የተጣበቀውም እዚያው ነው።

ጣሊያንኛው ታዲያ በምን ገባ?

በጎረቤትነትና በሹመት። ማልታ ለዘመናት የሲሲሊ መንግሥት አካል ነበረች። በ1530 ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ለሚባለው የካቶሊክ ጦረኞች ማኅበር ሰጣቸው፤ ግብሩ በዓመት አንድ የአደን ጭልፊት ነበር። ፈረሰኞቹ በ1565 የኦቶማን ቱርኮችን ከበባ መክተው በማግስቱ ዓመት የዛሬዋን ዋና ከተማ ቫሌታን ቆረቆሩ፤ እስከ 1798 ገዙ። ከየአገሩ የተውጣጡ ስለነበሩ መግባቢያቸው በአመዛኙ ጣሊያንኛ ሆነ። ፍርድ ቤቱም፣ ትምህርቱም፣ ቤተ ክህነቱም በዚያው ቀጠለ።

ዛሬ መዝገበ ቃላቱን ቢቆጥሩት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቃል የሲሲሊና የጣሊያን ነው። አረብኛው ሲሶ ያህል ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ከመቶ ስድስት ገደማ። በዚህ ቁጥር ግን አትሸወዱ። ቁጥሩ የመዝገበ ቃላት እንጂ የአፍ አይደለም። ሰው ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ የሚላቸው በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ፣ እኔ፣ አንተ፣ ውኃ፣ ቤት የመሳሰሉት ሴማዊ ናቸው። ጣሊያንኛው የሚበዛው ስለ ሕግ፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ፖለቲካ ሲወራ ነው።

ደግሞ የተውሶ ቃል እንደመጣ አይቀመጥም። «ፉርኬታ» ሹካ ነው፤ ንጹሕ የጣሊያን ቃል። ብዙ ሲሆን ግን ጣሊያኖች እንደሚሉት «ፉርኬቴ» አይሆንም፤ «ፍሪየኬት» ይሆናል። አረብኛ መጽሐፍን «ኪታብ» ብሎ ሲያበዛ «ኩቱብ» እንደሚለው ውስጡን ሰባብረው ሠሩት። ትምህርት ቤት «ስኮላ» ነው፤ ሲበዛ «ስኬየል»። የእንግሊዝ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ አልተረፈም፤ «ኪትላ» ሲበዛ «ክቲየሊ» ሆኗል። የውጭ ቃል በማልታ ወደብ ሲገባ ልብሱን ቀይሮ ነው።

እንግሊዝኛስ?

እንግሊዞች ከ1800 እስከ 1964 ነበሩ። ነፃነቱ መስከረም 21 ቀን 1964 ነው፤ የጦር ሰፈራቸው የተዘጋው ግን በ1979 ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ ከማልትኛ ጋር የሥራ ቋንቋ ነው። ዩኒቨርሲቲው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ፓርላማውና ፍርድ ቤቱ ግን ማልትኛ ነው።

እኛ «መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ» እንላለን። ቃሉን ወስደን ሥራውን ለ«አደረገ» እንተውለታለን። ማልታዎች እንዲህ ያለ አማላጅ አይፈልጉም። «ኢፓርክያይት» ይላሉ፤ ፓርክ አደረግኩ ማለት ነው። ግሡን ራሱን ይዘው እንደ ሴማዊ ግሥ ያረቡታል። ይኼን ባየሁ ቁጥር ትንሽ እቀናለሁ።

ፈረንሳይኛም አለበት አይደል? «ቦንጁ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

እንደምን አደራችሁ «ቦንጁ»፣ እንደምን አመሻችሁ «ቦንስዋ» ነው። ናፖሊዮን ማልታን የያዘው በ1798 ነው፤ ፈረንሳዮቹ ሁለት ዓመት ቆይተው ተባረሩ። ከፈረሰኞቹም መካከል ፈረንሳውያን ብዙ ነበሩ። ከሰላምታ ውጭ ፈረንሳይኛው ጥቂት ነው።

በምን ፊደል ነው የሚጽፉት?

በላቲን። ሴማዊ ሆኖ በመደበኛነት በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ማልትኛ ብቻ ነው። 30 ፊደላት አሉት። የላቲን ፊደል የማይችላቸውን ድምፆች በነጥብና በጭረት አሟልተዋቸዋል፤ «ሐ» ለምሳሌ አናቷ ላይ አግድም ሰረዝ አላት። ደንቡን ያወጡት በ1920 የተሰባሰቡ ጸሐፍት ናቸው፤ በ1924 አሳተሙት፤ በ1934 መንግሥት ተቀበለው።

አንዷ ፊደል ታስቀኛለች። ለ«ዐ» የቆመች ናት፤ ዛሬ ድምፅ የላትም። ዐይን ሲሉ አትሰማም፤ ሲጽፉ ግን አትቀርም። ልጆች እሷን በመርሳት ነጥብ ይቀነስባቸዋል። በሁለቱ «አ»ዎችና በሦስቱ «ሀ»ዎች ስንጨቃጨቅ ለኖርን ለእኛ ይኼ የቤተሰብ በሽታ ነው።

ከድሮ የተጻፈ ነገር አላቸው?

ትንሽ። ከሁሉ የቀደመው በ1485 የሞተው የፒየትሩ ካሻሮ ግጥም ነው፤ «ካንቲሌና» ይሉታል። ሃያ ስንኝ ብቻ ነው። በአንድ የውል መዝገብ ገጽ ላይ ተቀድቶ ኖሮ የተገኘው በ1966 ነው። ግጥሙ ስለፈረሰ ቤት ነው። ሰውየው አለት አገኛለሁ ብሎ መሠረት ሲቆፍር የላላ ሸክላ አፈር ይወጣበታል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙ አልተጻፈም። የተማረው ሰው ብዕር ሲያነሣ በጣሊያንኛ ነበር፤ ማልትኛ የወጥ ቤትና የገበያ ቋንቋ ነው ይባል ነበር።

ከወጥ ቤት እንዴት ወጣ?

ሁለት ትላልቆች ሲጣሉ። በእንግሊዝ ዘመን አንዱ ወገን ጣሊያንኛ ይቅደም፣ ሌላው እንግሊዝኛ ይቅደም እያለ ለአሥርተ ዓመታት ተነታረከ። «የቋንቋ ጥያቄ» ይሉታል። ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና የመርከብ ጥገና ሠራተኛው የሚናገረውን ማንም አልጠየቀም ነበር። በ1934 ጣሊያንኛ ከሥራ ቋንቋነት ተሰረዘና ማልትኛ በቦታው ገባ። ፋሺስት ጣሊያን ዐይኗን ደሴቷ ላይ መጣሏም ለዚህ ረድቷል። የብሔራዊ መዝሙሩን ግጥም የጻፉት ቄስ ዱን ካርም ራሳቸው የጀመሩት በጣሊያንኛ ነው፤ ወደ ማልትኛ የዞሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው።

አረብኛ ከቻልኩ እግባባለሁ?

የቱ አረብኛ እንደሆነ ይወስነዋል። የሚቀርበው የቱኒዝያ ነው። በጥናት ሲለካ ቱኒዝያውያንና ሊቢያውያን ማልትኛን ሲሰሙ አርባ ከመቶ ያህሉን ይረዳሉ፤ ማልታዎቹ የነሱን ሲሰሙ ግን ሲሶ እንኳ አይሞላም። የዱባይ ወይም የሪያድ አረብኛ ይዞ የሚሄድ ቁጥርና ቀን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ይቀጥላል።

ምግባቸውስ እንደ ቋንቋቸው ነው?

ከሞላ ጎደል። ፓስቲዚ በስሙም በአባቱም ጣሊያናዊ ነው፦ በሪኮታ አይብ ወይም በተፈጨ አተር የተሞላ፣ ልጣጩ ንብርብር የሆነ ቁርስ። በብርጭቆ ሻይ ይበላል፤ ሸሚዝ ላይ ያልተራገፈ ፍርፋሪ ከቀረ በወጉ አልተበላም። አንድ ነገር ገበያው ሲደራለት «እንደ ፓስቲዚ ይሸጣል» ይላሉ። «ምቃሬት» በቴምር የተሞላ ጣፋጭ ነው፤ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ። «ፉል» ያው ባቄላው ነው። «ፍቲራ» ግን የኛ ፈጢራ አይደለም፤ ስሙ ብቻ ዘመዱ ነው። ክብ ጠፍጣፋ ዳቦ ነው፤ ቱና፣ ቲማቲም፣ ወይራና ዘይት ይገባበታል። ዩኔስኮ በ2020 መዝግቦታል። ዋናው የክብር ምግብ ጥንቸል ወጥ ነው፤ እዚህ ላይ አብዛኛው የኛ ሰው ይቅርታ ብሎ ወደ ፍቲራው ይመለሳል።

በዓላቸው ለምን ይጮኻል?

በየመንደሩ «ፌስታ» አለ፤ የደብሩ ቅዱስ ክብረ በዓል ማለት ነው። ሐውልቱ በትከሻ ይወጣል፤ የነፋስ መሣሪያ ጓድ ይከተላል፤ ርችቱ ከጠዋት ይጀምራል። የአውሮፓን በጋ ሙሉ ነው። አንድ መንደር ሁለት ጓድ ካለው ፉክክሩን ማየት ነው፤ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ይምጡና ይማሩ። አንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዓት አለው፤ አንደኛው ትክክል አይቆጥርም። ሽማግሌዎቹ ሰይጣን የቅዳሴውን ሰዓት እንዳያውቅ ነው ይላሉ።

ማልታ ነው የምኖረው። ልማረው ወይስ በእንግሊዝኛ ልለፍ?

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሊቢያ በኩል ባሕር አቋርጠው ማልታ የደረሱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙ ናቸው። ይኼን የሚጠይቁኝም እነሱ ናቸው። ለሥራ እንግሊዝኛ ይበቃል። የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ለማመልከት ግን የማልትኛ ፈተና አለ። እና የኛ ሰው ከፊሊፒንሱም ከናይጄሪያውም ይልቅ ቀድሞ ይጀምራል፤ «ሐ»ን ማንም ሳያስተምረው ማለት የሚችሉ ትግርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ከእኛም ይቀድማሉ።

በሁለት ቃል ጀምሩ። አንዷ «ሜላ» ናት። እሺ፣ በቃ፣ ታዲያስ፣ እንዴታ፤ ሁሉንም ትሆናለች። ወሬው ሳይገባችሁ እንኳ በየመሃሉ «ሜላ» ካላችሁ ሰውየው ማውራቱን ይቀጥላል። ሌላዋ «ሳሓ» ናት። ጤና ማለት ነው፤ ሲለያዩ የሚሉት። ጤና ይስጥልኝን አሳጥራችሁ እንደምትሉ ቁጠሩት። ለአውቶቡስ ሹፌሩ ስትወርዱ በሉት፤ ዞር ብሎ ያያችኋል።